ዶሊ የማን ናት?

ባለፈው የትምህርት ዘመን አጋማሽ የቴአትር ክበባችን ያሳየውን ተውኔት የተመለከተ ሰው ሁሉ፣ ዋናዋ ተዋናይት በሁለተኛው ቀን ታማ እንደ ተኛችና በእርስዋ ፈንታ ሌላ ልጅ እንደ ወጣች ያስታውሳል። ልጅቱ ቃልዋን አልሳተችም፤ ድምፅዋም እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ከአዳራሹ ስንወጣ በየቡድኑ የሚነገረው አንድ ነገር ነበር፤ «ደኅና ሠራች፤ ግን እኮ ምትክ ናት» ይባላል። እኔም ይህን ካሉት አንዱ ነኝ። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳልናገር አልቀረሁም።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ምትክ ናት ያልናት ከማን ጋር አስተያይተን ነው? የመጀመሪያዋን ልጅ ያየናት አንድ ቀን ብቻ ነው። አስቀድሞ የታየ ሁሉ የድርሻው ባለቤት፣ በኋላ የመጣ ሁሉ ግን ተከራይ ይሆናልን? ይህን ጥያቄ ይዤ ስመራመር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ መልስ ያገኘሁት ከአገራችን በጣም ርቆ ከሚገኝ አንድ መድረክ ነው። እርሱም በኒው ዮርክ ከተማ ብሮድዌይ ከሚባለው ሰፈር፣ «ሄሎ፣ ዶሊ!» ተብሎ ከሚጠራው ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልናገር። ብሮድዌይ በመሠረቱ የአንድ ረጅም መንገድ ስም ነው፤ ነገር ግን የቴአትር ሰዎች «ብሮድዌይ» ሲሉ በማንሀታን መካከል በዚያ መንገድ ዙሪያ የሚገኙትን ከ40 ጥቂት የሚበልጡ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ማለታቸው ነው። አብዛኞቹ እንዲያውም በራሱ በመንገዱ ላይ ሳይሆን በስተጎን ባሉት መንገዶች ላይ ይገኛሉ። እዚያ አንድ ተውኔት እንደ እኛ ሦስት ቀን ታይቶ አይቀርም። ገበያ እስካለው ድረስ በሳምንት ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ ይታያል። እንግዲህ አንድ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በሳምንት ስምንት ጊዜ ያንኑ ዘፈን ሊዘፍን፣ ያንኑ ደረጃ ሊወርድ ይችላል? ውሉ ያልቃል፤ ጉሮሮው ይደክማል፤ ሌላ ሥራ ይጠራዋል። ስለዚህ መተካት በዚያ አገር ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን የሥራው ሥርዓት ነው።

የሚተካውም ሰው ዓይነቱ ይለያያል። ተጠባባቂ የሚባለው ድርሻውን አጥንቶ፣ ዋናው ተዋናይ ሲታመም ለመውጣት ዘወትር ዝግጁ ሆኖ የሚቀመጥ ነው፤ ዋናው ካልታመመ ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይወጣ ሊያልፍ ይችላል። ተለዋጭ የሚባለው ደግሞ አስቀድሞ በታወቁ ቀኖች ዋናውን የሚያሳርፍ ነው። ተተኪ ግን ዋናው ጨርሶ ሲሄድ ቦታውን የሚረከብ ነው። እኛ ሦስቱንም በአንድነት «ምትክ» ብለን ስለምንጠራቸው ነው መሰለኝ ፍርዳችንም አንድ ዓይነት የሆነው።

አሁን ወደ ዶሊ እንምጣ። ዶሊ ጋላገር ሌቪ በኒው ዮርክ የምትኖር መበለት ናት። በትውልድዋ አየርላንዳዊት ስትሆን ሟቹ ባልዋ ኤፍሬም ሌቪ ይሁዲ ነበር። ሥራዋ ሰው ማጋባት ነው፤ ማለትም ደላላ ናት፤ ሆኖም ዳንስ ከማስተማር ጀምሮ የማትሞክረው ነገር የለም። ዘመኑ የ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ነው። በዮንከርስ ከተማ ድርቆሽና የከብት መኖ የሚሸጥ ሆሬስ ቫንደርጌልደር የሚባል ሀብታምና ንፉግ ነጋዴ ሚስት እንድትፈልግለት ቀጥሯታል። እርስዋ ግን ለራስዋ አስባዋለች። ታሪኩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ጥበቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ዶሊ ባልዋ ከሞተ ጀምሮ ከሰው ርቃ ቆይታለች። በሁለተኛው ክፍል ቀድሞ ከባልዋ ጋር ትመላለስበት ወደ ነበረው ሃርሞኒያ ጋርደንስ ወደሚባለው ትልቅ ምግብ ቤት ከብዙ ዓመት በኋላ ትመለሳለች። መምጣትዋን የሰሙት አስተናጋጆች ይራወጣሉ፤ ትሪ ይዘው ይዘላሉ፤ ከዚያም በድንገት ጸጥ ይላሉ። ዶሊ ቀይ ልብስ ለብሳ፣ ራስዋ ላይ ላባ ሰክታ፣ በደረጃው አናት ትታያለች። ቀስ እያለች ስትወርድ አስተናጋጆቹ ተሰልፈው በዘፈን ይቀበልዋታል። አዘጋጁ ጋወር ቻምፒየን ከኦርኬስትራው ፊት ዞሮ ወደ ተመልካቹ የሚቀርብ መተላለፊያ አሠርቶ ስለ ነበር፣ ተዋናይቱና አስተናጋጆቹ በተመልካቹ አፍንጫ ሥር ያልፋሉ።

ጓደኞቼ፣ በዚህች ትዕይንት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። ዘፈኑ የሚለው በአጭሩ «እንኳን ወደ ቦታሽ ተመለስሽ» ነው። በተውኔቱ ውስጥ ይህ የሚነገረው ለመበለቲቱ ነው። ነገር ግን በደረጃው አናት የቆመችው ተዋናይት ተመልካቹ በልጅነቱ በሲኒማ ያያት፣ ከዚያም ለብዙ ጊዜ ያጣት ሴት ብትሆን፣ ሰላምታው ለማን ነው? አስተናጋጆቹ ለዶሊ ይዘፍናሉ፤ ተመልካቹ ግን ለተዋናይቱ ይነሣል። ድርሻው በመካከሉ ባዶ ቦታ አለው፤ ያንን ባዶ ቦታ የምትሞላው እያንዳንዷ ሴት በራስዋ ያለፈ ሕይወት ነው። ዜማና ግጥሙን የጻፈው ጄሪ ኸርማን ወይም ንግግሩን ያዘጋጀው ማይክል ስቱዋርት ይህን አስበው አድርገውት እንደ ሆነ አልፈርድም። ቴአትሩን ያሳየው ባለገንዘብ ዴቪድ ሜሪክ ግን ቶሎ እንደ ገባው ሥራው ይመሰክራል።

የመጀመሪያዋ ዶሊ ማን ናት ብንል ማንም «ካሮል ቻኒንግ» ይላል። እውነት ነው፤ «ሄሎ፣ ዶሊ!» ጃንዋሪ 16 ቀን 1964 በ44ኛው መንገድ ላይ በሚገኘው ሴንት ጄምስ ቴአትር ሲከፈት ዶሊ ሆና የወጣችው እርስዋ ናት። ሆኖም ኸርማን ዘፈኖቹን ሲጽፍ በጆሮው የነበረው የኤተል መርማን ድምፅ ነው። መርማን በዚያ ዘመን በብሮድዌይ ላይ ከእርስዋ የሚበልጥ ያልነበራት፣ ያለ ማጉያ አዳራሹን የምታናውጥ ዘፋኝ ነበረች። «ጂፕሲ» የተባለውን ቴአትር እስከ 1961 ድረስ በኒው ዮርክና በየከተማው ስትሠራ ቆይታ ደክሟት ስለ ነበረ አልፈልግም አለች። ስለዚህ በአንድ በኩል ካየነው ቻኒንግ ራስዋ ምትክ ነበረች።

ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዶሊ ሌቪን በመጀመሪያ የፈጠራት ደራሲ ቶርንተን ዋይልደር ነው። በ1938 «የዮንከርስ ነጋዴ» በሚል ስም ባሳየው ተውኔት ዶሊን የሠራችው ጄን ካውል ነበረች፤ ተውኔቱም 39 ጊዜ ብቻ ታይቶ ወደቀ። ዋይልደር አሻሽሎ «አጋቢዋ» በሚል አዲስ ስም ሲያወጣው በ1955 በኒው ዮርክ ሩት ጎርደን ሠራችውና ታላቅ ዝና አገኘች። በ1958 በወጣው ፊልም ደግሞ ሸርሊ ቡዝ ነበረች። ታሪኩም ቢሆን የዋይልደር ብቻ አይደለም፤ በ1842 የኦስትሪያው ኔስትሮይ ከጻፈው፣ እርሱም በ1835 እንግሊዛዊው ኦክሰንፎርድ ከጻፈው የተወሰደ ነው። የመጀመሪያውን እንፈልግ ያልን እንደ ሆነ እንግዲህ ወዴት ደርሰን እናቆማለን?

ይሁን፤ ቻኒንግ የሠራችው ሥራ ግን የሚናቅ አይደለም። ዓይኖችዋ ትልልቅ፣ ድምፅዋ ሻካራና ዝቅ ያለ፣ አነጋገርዋ የማንንም የማይመስል ሴት ነበረች። ተውኔቱ ወደ ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት በዲትሮይት ለሙከራ ሲታይ ሳይሳካ ቀርቶ እዚያው እያሉ ብዙ ቦታ ተለወጠ፤ የመጀመሪያውን ክፍል የሚዘጋው ዘፈን እንኳ የተጨመረው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ነው። በኒው ዮርክ ግን ዓመቱ ሳያልቅ 10 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ። ቶኒ ማለት በብሮድዌይ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት ነው። ቻኒንግም «ፈኒ ገርል» በተባለው ቴአትር በወጣችው በባርብራ ስትራይሳንድ ላይ አሸንፋ የዋና ተዋናይትነቱን ሽልማት ተቀበለች። የቴአትሩን ስም የያዘውን ዘፈን ደግሞ ሉዊ አርምስትሮንግ በሸክላ አስቀርጾት፣ በሜይ 1964 ለ14 ሳምንት ቦታውን ለማንም ያልለቀቁትን ቢትልሶችን ከአንደኛነት አወረዳቸው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ስም ተሸክማ የነበረችው ሴት በ1965 ቴአትሩን ወደ ሌሎች ከተሞች ይዛ ለመዞር ኒው ዮርክን ስትለቅ፣ ቴአትሩ መዘጋት ይገባው ነበር የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ሜሪክ ግን አልዘጋውም። በኦገስት 1965 ጂንጀር ሮጀርስን አመጣ። ጂንጀር ሮጀርስ በ1930ዎቹ ዓመታት ከፍሬድ አስቴር ጋር በሲኒማ የጨፈረችው ናት። አሁን 54 ዓመትዋ ነበር። ያ ሁሉ በወጣትነቱ ጨለማ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብሎ ስትጨፍር ያያት ሰው ሚስቱን ይዞ መጣ፤ እርስዋም በደረጃው አናት ላይ ቆማ ታየችው። የቻኒንግን ሻካራ ድምፅና ዓይን መገልበጥ አላስፈለጋትም፤ ብትሞክረውም መሣቂያ በሆነች ነበር። የራስዋ ናፍቆት በቃት።

ከእርስዋ በኋላ በፌብሩዋሪ 1967 ማርታ ሬይ መጣች፤ እርስዋ ደግሞ በጦር ሜዳ ወታደሮችን በማሳቅ የታወቀች ቀልደኛ ነበረች። በጁን ወር ቤቲ ግሬብል ተከተለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሁሉ ፎቶግራፍዋን በሣጥኑ ክዳን ላይ ይለጥፍ የነበረችው ናት። ሜሪ ማርቲን ደግሞ በ1965 ቴአትሩን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይዛ ሄዳ በቬትናም ለነበሩት ወታደሮች ካሳየች በኋላ በዚያው ዓመት ማለቂያ በለንደን ከፈተችው፤ እዚያም ዶራ ብራያን ተረከበቻት። ስማቸውን በፍጥነት የማልፋቸው ስለ ናቅኋቸው አይደለም፤ ሁሉም በአንድ መንገድ የመጡ ስለ ሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «መተካት እንዲህ ቀላል ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ቀላል አይደለም። ተውኔቱ ከተከፈተ በኋላ አዘጋጁ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሥራውን የሚጠብቀው የመድረኩ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እርሱ በያዘው መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ፣ እያንዳንዱ የመብራት ለውጥ ተጽፎ ይገኛል። አዲሷ ተዋናይት ድርሻዋን የምታጠናው ከእርሱና ከጭፈራው ኃላፊ ጋር ነው፤ የሥራ ጓደኞችዋ ሌሊት ይሠራሉና ቀን ያርፋሉ። ከመላው ቡድን ጋር ልብስ ለብሳና ኦርኬስትራ ተሰልፎ የምትለማመደው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው። ልብሱ በእርስዋ ልክ ይሰፋል፤ ዜማው ለድምፅዋ በሚስማማ ከፍታ እንደገና ይጻፍና ለኦርኬስትራው ይታደላል። ከዚያም ሌሎቹ አምስት መቶ ጊዜ በወረዱት ደረጃ ላይ፣ እርስዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፍ ባለ ጫማና በረጅም ቀሚስ፣ እግርዋን ሳታይ ትወርዳለች። ሁሉም ያውቃል፤ የማታውቀው እርስዋ ብቻ ናት። እኛ በአዳራሻችን ያየናት ልጅም ይህንኑ አድርጋ ነበር፤ ያውም ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ አጥንታ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በኖቬምበር 1967 የቲኬቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሜሪክ አንዲት ተዋናይት ብቻ ሳይሆን መላውን ቡድን ለወጠ። የነበሩት ነጭ ተዋንያን ቦታውን ለቀቁና ከዋናዋ እስከ መጨረሻው አስተናጋጅ ድረስ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት ቡድን ገባ። ዶሊ ፐርል ቤይሊ ሆነች፤ ቫንደርጌልደርም ታዋቂው የጃዝ መሪ ካብ ካሎዌይ። ከአስተናጋጆቹ አለቃ ድርሻ ጋር ወደ ብሮድዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሞርጋን ፍሪማን የሚባል ያልታወቀ ወጣትም ነበረበት፤ በኋላ ዓለም ሁሉ በፊልም ያወቀው እርሱ ነው።

ዘመኑን እናስብ። በምግብ ቤትና በሆቴል ሰውን በቀለሙ ለይቶ አላስገባም ማለት በመላው አሜሪካ በሕግ የተከለከለው ገና በ1964፣ ማለት ይህ ቴአትር በተከፈተበት ዓመት ነው። በ1967 ክረምት ደግሞ ኒዋርክና ዲትሮይት በሁከት ተቃጥለዋል። ቴአትሩ በመጀመሪያ ለሙከራ የታየባት ያች ዲትሮይት ማለት ነው። ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ጥቁር ሴት በኒው ዮርክ ከተማ እጅግ የደመቀ ምግብ ቤት ደረጃ አናት ላይ ቆመች፤ አስተናጋጆቹም «ይህ ቦታሽ ነው» እያሉ ዘፈኑላት። ከጽሑፉ አንድ ቃል መለወጥ አላስፈለገም። ቃሉ ያው ነው፤ ደረጃው ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ካሮል ቻኒንግ ልትሰጠው የማትችለው ሆነ። በሮጀርስ ጊዜ የተመለሰችው አንዲት የሲኒማ ኮከብ ነበረች። በቤይሊ ጊዜ ግን በፊት በር እንዳይገቡ ተከልክለው የነበሩ ሰዎች ሁሉ አብረዋት የገቡ ያህል ነበር።

ነገሩን ያልወደዱትም ነበሩ። ጥቁሮችን ለብቻቸው ሰብስቦ ማሳየት ራሱ መለየት ነው፤ የሚሻለው ጥቁርና ነጭ ተዋንያን በአንድ መድረክ ቢቀላቀሉ ነው ይሉ ነበር። ይህ ክርክር ቀላል ክርክር አይደለም። ሜሪክም የመብት ታጋይ ሆኖ ሳይሆን የቀዘቀዘ ገበያ ለማሞቅ እንዳደረገው መጠራጠር አያስፈልግም። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነጋዴው ለትርፍ የከፈተው በር ቢሆንም የገቡት ሰዎች በእውነት ገብተዋል። ሥራ የማያገኙ ተዋንያን በብሮድዌይ እጅግ ትልቅ በሆነው ቴአትር ሙሉ ድርሻ አገኙ፤ የድሮው ቡድን ሸክላ እያለ የእነርሱም መዝሙር በሌላ ሸክላ ተቀረጸ። ፕሬዚዳንት ጆንሰንና ባለቤታቸው ቴአትሩ ገና በዋሽንግተን ሳለ አይተውታል። እንደ ገና ቲኬት ጠፋ።

ቤይሊም ቻኒንግን አልመሰለችም። እርስዋ ልማድዋ የምሽት ክበብ ነበር፤ ንግግርዋ ዝግ ያለ፣ እጆችዋ ከቃልዋ በፊት የሚናገሩ፣ ከተመልካቹ ጋር ለማውራት የማትፈራ። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ወጥታ ትቀልድና ትዘፍን ስለ ነበር ሰዎች ይህን የተውኔቱ ሦስተኛ ክፍል ይሉት ነበር። ለጽሑፉ ክብር የሚቆረቆር ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያኮሳትር ይሆናል፤ እኔም ብሆን ሼክስፒርን እንዲህ ሲያደርጉት ለማየት አልፈልግም። ዶሊ ግን በባሕርይዋ ወሬኛና በሰው ነገር ውስጥ ጥልቅ የምትል ሴት ስለ ሆነች ብዙ የሚጎዳት አይመስለኝም። ቤይሊ በማትሠራባቸው ትርኢቶች የምትወጣው ዘፋኝዋ ቴልማ ካርፐንተር ነበረች፤ እርስዋም በራስዋ ጎበዝ ስትሆን በመጻሕፍቱ ውስጥ ስምዋ የሚገኘው በጥቂት መስመር ነው።

በቶኒ ሽልማት ሕግ ተተኪ ተዋናይ አይወዳደርም። ሽልማቱ የሚሰጠው ድርሻውን በመክፈቻው ለሠራው ሰው ነው። ይህ ሕግ እኛ ከአዳራሹ ስንወጣ «ምትክ እኮ ናት» ያልነውን በጽሑፍ ያሰፈረ ነው። ለቤይሊ ግን በ1968 ልዩ ሽልማት ሰጧት። ሕጉን ሳይነኩ በአጠገቡ አለፉ ማለት ነው።

ቤይሊ በ1969 ማለቂያ ከለቀቀች በኋላ ፊሊስ ዲለር የምትባል ቀልደኛ ለጥቂት ወራት ያዘችው። ከዚያም ማርች 28 ቀን 1970 ኤተል መርማን ራስዋ መጣች። ከስድስት ዓመት በፊት እንቢ ያለችው፣ ዘፈኖቹ በድምፅዋ ልክ የተጻፉላት ሴት ማለት ነው። ዕድሜዋ 62 ሆኖ ነበር። የሚገርመው ነገር ቴአትሩ የተከፈተበት ጃንዋሪ 16 የእርስዋ የልደት ቀን ነው። ኸርማን በመጀመሪያ ለእርስዋ ብሎ ጽፏቸው፣ እርስዋ እንቢ ስትል አውጥቷቸው የነበሩትን ሁለት ዘፈኖች አሁን ወደ ቦታቸው መለሰላት። እንግዲህ ስድስት ዓመት የተሠራው ቴአትር የተሟላው በመጨረሻዋ ምትክ ነው ወይስ በመጀመሪያዋ ባለቤት? መርማን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሆነች፤ እኔም እዚህ ስደርስ «የመጀመሪያ» እና «ምትክ» የሚሉት ቃላት በእጄ ላይ ተሰበሩ።

በሴፕቴምበር 1970 ቴአትሩ «ማይ ፌር ሌዲ» ከታየበት 2717 ጊዜ አለፈና በብሮድዌይ ከታዩት ሙዚቃዊ ቴአትሮች ሁሉ በቁጥር የሚበልጥ ሆነ። ዲሴምበር 27 ቀን ሲዘጋ 2844 ጊዜ ታይቶ ነበር። ይህ ብልጫ የቆየው ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ወሰደው። ግን ከ2844ቱ ውስጥ ቻኒንግ በሴንት ጄምስ የሠራችው ከመጀመሪያው አንስቶ እስከ 1965 ክረምት ያለውን ብቻ ነው። ከአራቱ ሦስቱን የሚያህለው የምትኮቹ ነው።

ፊልሙ ሲሠራ ግን ፍርዱ ሌላ ሆነ። በ1969 በወጣው ፊልም ዶሊን የሠራችው ቻኒንግ በቶኒ ያሸነፈቻት ባርብራ ስትራይሳንድ ናት፤ ፊልሙ ሲቀረጽ ገና በ26 ዓመትዋ ላይ ነበረች። እጅግ ድንቅ ድምፅ አላት፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን 26 ዓመት የሆናት ሴት ከየት ነው የምትመለሰው? ደረጃውን ስትወርድ ውበት ይታያል፤ የጠፋ ዓመት ግን አይታይም። ከላይ ባዶ ቦታ ያልሁት እንግዲህ ይህ ነው፤ በድምፅ ብቻ አይሞላም።

ቻኒንግ ድርሻዋን እስከ እርጅናዋ አልተወችውም። በ1978ና በ1995 ብሮድዌይ ላይ ተመልሳ ሠራችው፤ በጠቅላላው ከ5000 ጊዜ በላይ ዶሊ እንደ ሆነች ይነገራል፤ ከሥራ አለመቅረትዋም የታወቀ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ እኔ ያንን ሳነብ ወዲያው የመጣችብኝ ቢቢ ኦስተርዋልድ ናት። ኦስተርዋልድ ከቻኒንግ ጀምሮ ለብዙዎቹ ዶሊዎች ተጠባባቂ ሆና ያገለገለች ተዋናይት ናት። ከሥራ የማትቀር ሴት ተጠባባቂ መሆን ምን ዓይነት ሥራ ነው? ቃሉን ሁሉ ታውቃለህ፤ ልብሱ ተሰፍቶልሃል፤ ማታ ማታ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሙዚቃውን ትሰማለህ።

በ2017 ቴአትሩ በዚያው በ44ኛው መንገድ በሚገኘው ሹበርት ቴአትር እንደ ገና ሲከፈት ቤት ሚድለር ዶሊ ሆነች፤ የቶኒንም ሽልማት ወሰደች። ሚድለር በሳምንት አንድ ቀን ታርፍ ስለ ነበረ፣ ያን ቀን የምትሠራው ተለዋጭ ዶና መርፊ ነበረች። መርፊ አስቀድሞ ሁለት ቶኒ የወሰደች ተዋናይት ስትሆን የሌላዋን ዕረፍት ለመሙላት አላፈረችም። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ በርናዴት ፒተርስ ተተካች፤ በክረምቱ ሚድለር ተመልሳ እስከ ኦገስት 25 መዝጊያ ድረስ ሠራች። በ2024 ደግሞ በለንደን ኢሜልዳ ስታውንተን በዚያው ደረጃ ወርዳለች።

በብሮድዌይ የተዋንያኑ ማኅበር ያስጠበቀው አንድ ደንብ አለ። በዋናው ተዋናይ ፈንታ ሌላ ሰው በሚወጣበት ሌሊት ተመልካቹ ሳይነገረው መጋረጃው አይከፈትም። በፕሮግራሙ ውስጥ የተተኪው ስም የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ትገባለች፤ ወይም በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ወይም በድምፅ ይነገራል። ከእነዚህ ሁለቱ ካልተደረጉ ደንቡ ተጥሷል። ለካስ ያች ትንሽ ወረቀት የተመልካቹ ብቻ ሳትሆን የሠራተኛውም ማስረጃ ናት፤ ብዙ ተዋንያን የመጀመሪያዋን ወረቀት ዕድሜ ልካቸውን ያስቀምጧታል ይባላል።

የክበባችንን ፋይል ባለፈው ሳምንት አገላብጬ ነበር። በዚያ ሌሊት ያደልነው የተባዛ ፕሮግራም እዚያ አለ፤ ቀለሙ ትንሽ ፈዟል። በዋናው ድርሻ ትይዩ የተጻፈው በዚያ ሌሊት አልጋ ላይ የነበረችው ልጅ ስም ነው። ሌላ ወረቀት አልገባበትም። የወጣችውን ልጅ ሄጄ ጠየቅኋትና ስምዋን በእርሳስ ከጎኑ ጻፍሁበት፤ እርስዋ ግን ስቃ፣ «አሁን ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» አለችኝ።